የምኑን እጥፍ?

ከዚራ ከቀትር በኋላ ሱቁም ሰዉም ያርፋል፤ ፋርማሲዎቹ መልሰው የሚሟሟቁት የዛፎቹ ጥላ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ወደ 10 ሰዓት ግድም ነው። በዚያ ሰዓት አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ መካኒክ ከጣቢያው ብዙም ከማትርቅ ፋርማሲ ይገባል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ፋርማሲስት ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሁለቱን ሰዎች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ መድኃኒቶቹና ጥናቶቹ ግን የእውነት ናቸው።

መካኒኩ፦ ከዚች ቡናማ ፓፍ ሁለት ስጪኝ ልጄ። ከሰማያዊዋም አንድ።

ፋርማሲስቷ፦ ቤክሎሜታዞን ሁለት፣ ሳልቡታሞል አንድ። ማዘዣ ይዘዋል ጋሼ?

መካኒኩ፦ አቦ አንቱታውን ተይው! ድሬ ነው ያለሽው፤ እዚህ አያትሽንም ቢሆን አንተ ነው የምትይው። ማዘዣው ይኸው፣ ካቻምና የተጻፈ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ሌሊት ሌሊት ያፍነኛል፣ ደረቴ ያፏጫል። እና ቡናማዋን በእጥፍ ላደርጋት ነው። ሐኪሙም ያኔ «ሲብስብህ ጨምር» ብሎኛል።

ፋርማሲስቷ፦ እሺ፣ አንተ እልሃለሁ። ቀን ቀንስ እንዴት ነህ? ደረጃ ስትወጣ፣ ስታወራ ትንፋሽ ያጥርሃል?

መካኒኩ፦ ይኸው እያወራሁሽ አይደል። ቀን ደህና ነኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ሰማያዊዋን ስስብ እስኪነጋ ትይዝልኛለች። ግን እንደ ድሮዋ አይደለችም። ድሮ ሁለት ፓፍ ይበቃኝ ነበር፣ አሁን አራት አድርጌም በደንብ አይከፍትልኝም።

ፋርማሲስቷ፦ ይህችን እንደ ድሮዋ አይደለችም ያልካትን እመለስባታለሁ። ቡናማዋንስ? ትናንት ስንት ጊዜ ሳብክ?

መካኒኩ፦ ትናንት ሁለቴ። ከትናንት ወዲያም መሰለኝ።

ፋርማሲስቷ፦ ባለፈው ወርስ?

መካኒኩ፦ ባለፈው ወር ደህና ነበርኩ እኮ። ደህና ስሆን መድኃኒት ምን ያደርግልኛል? ሲያመኝ ሁለት ሦስት ቀን እወስዳለሁ፣ ሲሻለኝ እተዋለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ታዲያ የምኑን እጥፍ ነው የምታደርገው? ሐኪሙ ጨምር ያለህ በየቀኑ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ትስባለህ ብሎ ነው። ወረቀቱም ይህንኑ ይላል። አንተ ግን ያለፈውን ወር ሙሉ ምንም አልወሰድክም። የዜሮ እጥፍ ደግሞ ዜሮ ነው ጋሼ።

መካኒኩ፦ ሁለቱም ፓፍ፣ ሁለቱም ለአስም። አንዷ በአምስት ደቂቃ ታድነኛለች፤ ሌላይቱ ስባትም ምንም አይሰማኝ። ሰው የሚሰማውን ነው የሚያምን።

ፋርማሲስቷ፦ አልፈርድብህም፣ ሁሉም እንዳንተ ነው። ሳልቡታሞል በትንፋሽ ቧንቧው ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል፣ ያልቃል። ቧንቧው ውስጡ ተቆጥቶ ማበጡን፣ አክታ ማመንጨቱን ግን አይነካውም። ያንን የምታበርደው ቡናማዋ ናት፣ እሷ ደግሞ ቀናትና ሳምንታት ትፈልጋለች። ጀምረህ በሦስተኛው ቀን ስትተዋት ሥራዋን ሳትጀምር አባረርካት ማለት ነው።

መካኒኩ፦ ገባኝ። አንዷ ባቡሩን ትገፋለች፣ አንዷ ሐዲዱን ትጠግናለች። የታጠፈ ሐዲድ ላይ ፍጥነት መጨመር ደግሞ ወዴት እንደሚያደርስ እኔ ነኝ የምነግርሽ። እሺ፣ ሐዲዱን በየቀኑ ጠገንኩ እንበል። እንደዚያም ሆኖ ጉንፋን ይዞኝ ቢብስብኝ፣ ያኔስ እጥፍ ባደርግ?

ፋርማሲስቷ፦ አሁን ጥሩ ጥያቄ ጠየቅክ። ሐኪሞች ለዓመታት እጥፍ አድርጉ ሲሉ ኖረዋል፤ ማንም በቅጡ ፈትኖት ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ፈተነው። 390 ሰዎች ናቸው። ሲጀምራቸው ገሚሶቹ እውነተኛ ተጨማሪ ፓፍ፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ፓፍ ጨመሩ፤ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። ብሶባቸው ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን እስከ መዋጥ የደረሱት እጥፍ ካደረጉት 11 በመቶ፣ ካላደረጉት 12 በመቶ ሆነው ተገኙ።

መካኒኩ፦ እኩል በይዋ!

ፋርማሲስቷ፦ እኩል። ከዚያ ምናልባት እጥፍ አንሶ ይሆናል ተባለና እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው በእንግሊዝ 1,900 በሚያህሉ ሰዎች ላይ አራት እጥፍ ተሞከረ። በዓመቱ ውስጥ ክፉኛ ያገረሸባቸው አራት እጥፍ ካደረጉት 45 በመቶ፣ ካልጨመሩት 52 በመቶ ነበሩ። ጥቅም አለው፣ ግን ትንሽ ናት። በዚህኛው ጥናት ላይ ደግሞ ሁሉም የሚወስደውን እያወቀ ነው የወሰደው፤ ይህም ውጤቱን ትንሽ ሊያሳምረው ይችላል። አፍ ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፈንገስና የድምፅ መጎርነንም ጨምሯል።

መካኒኩ፦ አራት እጥፍ ማለት ለእኔ በቀን 16 ፓፍ ነው። ጣሳዋ 200 ብትይዝ 12 ቀን ትሄዳለች። ይህን የሚመክረው ሰው ከዚራ መጥቶ ቤክሎሜታዞን ፈልጎ ያውቃል?

ፋርማሲስቷ፦ ልክ ነህ። አገራችን መሠረታዊ ከምትላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለች፤ መደርደሪያዬ ላይ ግን አንድ ወር ትገባለች፣ አንድ ወር ትጠፋለች። ዛሬ ሁለት የምሸጥልህም ለዚሁ ነው፤ አንዷ በየቀኑ ልትስባት፣ ሌላይቱ ገበያው ሲነጥፍ ልትይዝህ። እነዚህን ጥናቶች ሳነብ የምታዘበው ሌላ ነገር ነው። የተመረመሩት ሰዎች ከመባባሱ በፊትም በየቀኑ ይስቡ የነበሩ ናቸው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ስንቴ ልጨምር ይላል እንጂ የሚጨምርበት መሠረት የለውም።

መካኒኩ፦ ሰማያዊዋ ብቻ ይዛኝ 30 ዓመት ኖርኩ። አልሞትኩም።

ፋርማሲስቷ፦ እሰየው። ያልኖሩት ደግሞ መጥተው አይነግሩንም። እንግሊዞች በአስም የሞቱ ሰዎቻቸውን መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፖርት አወጡ። ሰማያዊዋን ይወስዱ ከነበሩት ሟቾች 39 በመቶው በመጨረሻው ዓመታቸው ከ12 በላይ ጣሳ ታዞላቸው ነበር። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ሳስካችዋን በሚባል ግዛት የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አለ፤ በዓመቱ ከተወሰደችው ከእያንዳንዷ ተጨማሪ የስቴሮይድ (የቡናማዋ ዓይነት) ጣሳ ጋር የሞት መጠኑ 21 በመቶ ሲወርድ፣ ስቴሮይዱን ባቋረጡት ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሞት ጨምሮ ታይቷል። ጊና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂ ሰማያዊዋን ብቻዋን አትስጡ ይላል። አንተስ በዓመት ስንት ጣሳ ትጨርሳለህ?

መካኒኩ፦ ...አንድ በወር። አንዳንዴ ከዚያም በላይ።

ፋርማሲስቷ፦ በዓመት ሦስት ሲደርስ ነው አስሙ አልተገታም የሚባለው።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ይህችን እይልኝ። እህቴ ከጅቡቲ የላከችልኝ ናት። ወረቀቱን በፈረንሳይኛ አንብቤዋለሁ፤ በምድር ባቡሩ አትሊዬ ያለ ፈረንሳይኛ ቡሎንም አይፈታም ነበር። ሲምቢኮርት ቱርቡሄለር፣ 200 በ6። ሲያፍንህም ሳብ፣ በየቀኑም ሳብ ይላል። አልገባኝም። ቡናማ ናት ወይስ ሰማያዊ?

ፋርማሲስቷ፦ ሁለቱም። ቡዴሶናይድ የተባለ ስቴሮይድና ፎርሞቴሮል የተባለ ቧንቧ ከፋች አንድ ላይ ናቸው። ፎርሞቴሮል እንደ ሰማያዊዋ ቶሎ ይከፍታል፣ ግን ረዘም ይቆያል። ብልሃቱ ምን መሰለህ? በታፈንክ ቁጥር ማስታገሻ ብለህ ስትስባት ስቴሮይዱም አብሮ ይገባል። ሲብስብህ ብዙ ትስባለህ፣ ስቴሮይዱ በራሱ ይጨምራል፤ ሲሻልህ ትቀንሳለህ፣ አብሮ ይቀንሳል። ልጨምር አልጨምር ብሎ መጨነቅ የለም። ቀላል አስም ባለባቸው ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ ሲያፍናቸው ብቻ የሳቧት ሰዎች በየቀኑ ስቴሮይድ ከሚወስዱት ያልተናነሰ ከከባድ ማገርሸት ተጠብቀዋል፤ የወሰዱት ስቴሮይድ ግን ከሩብ አይበልጥም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷታል።

መካኒኩ፦ ታዲያ ዛሬውኑ ልጀምራታ!

ፋርማሲስቷ፦ ቆይ። ጥሩ መድኃኒት ናት፣ ግን የምትገባው ሁለቱንም ተክታ ነው እንጂ በላያቸው አይደለም። በቀን ከ12 በላይ አይሳብም፤ ወደዚያ ከተጠጋህም ሐኪም ዘንድ መሄጃህ ደርሷል ማለት ነው። 400 በ12 የሚል ሌላ መጠን አለ፣ እሱ በታፈኑ ቁጥር ለመሳብ አይሆንም፤ እህትህ ሌላ ጊዜ ስትልክ ቁጥሩን አንብብ። ደግሞስ ስታልቅ ከየት ታመጣለህ? ጅቡቲ በየወሩ ሰው ትልካለህ? ድል ጮራ ሆስፒታል ሐኪም ይይህና እሱ ይወስን። አቅም ላነሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ሰማያዊዋን በሳቡ ቁጥር ቡናማዋንም አብሮ መሳብ። ጣሊያናዊው ፓፒና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀላል አስም ላይ ይህንኑ ጥምረት ሞክረው ሰማያዊዋን ለብቻ ከመውሰድ ተሽሎ አግኝተውታል። ለእኛ አገር ኪስ ይህ ነው የሚቀርበው እላለሁ።

መካኒኩ፦ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂ። ጫት ስይዝ ትንፋሼ ይከፈታል።

ፋርማሲስቷ፦ ለምን እስቃለሁ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የኤፌድሪን ዘመድ ነው፤ ኤፌድሪን ደግሞ በአንድ ወቅት የአስም ክኒን ውስጥ የሚገባ ነበር። ጥቂት ይከፍት ይሆናል፤ ልብህን ግን ከሳልቡታሞል ጋር ተደርቦ ያስጋልባል። ቁጣውንም አያበርደውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቅጠሉ ሳይሆን ክፍሉ ነው። በርጫ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ሲጋራው ጨሶ፣ ከሰሉ በመሃል። ቅጠሉ የከፈተውን ጭሱ ይዘጋዋል።

መካኒኩ፦ መስኮት ከፍቶ የሚቅም ድሬ ውስጥ የለም። ግን ልሞክር።

ፋርማሲስቷ፦ አሁን እንዴት እንደምትስብ አሳየኝ። ይህችን ባዶ ጣሳ ያዝ።

(ሳይነቀንቅ ይጫናል፣ ከዚያ ይስባል፤ ወዲያው ይተነፍሳል።)

ፋርማሲስቷ፦ አየህ፣ ግማሹ ምላስህ ላይ ቀረ። ነቅንቃት። መጀመሪያ አየርህን ሙሉ በሙሉ አስወጣ። መሳብ ስትጀምር ነው የምትጫናት፤ ቀስ ብለህ፣ እስከ ጥልቅ። ከዚያ እስከ 10 ቁጠርና ተንፍስ። ከቡናማዋ በኋላ አፍህን በውኃ ተጉመጥመጥና ትፋው፣ ፈንገሱን የሚከላከለው እሱ ነው። መጠን ከመጨመር በፊት ይህ ነው የሚስተካከለው፤ ሳይታወቅህ ገንዘብህን የሚበላውም ይኸው ስህተት ነው። ጣሳዋን የት ነው የምታስቀምጣት?

መካኒኩ፦ መስኮቱ ጠርዝ ላይ።

ፋርማሲስቷ፦ የድሬ ፀሐይ ላይ! ከ30 ዲግሪ በታች ይላል ወረቀቱ። ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ? የደም ግፊት፣ የጉልበት ክኒን፣ አስፕሪን?

መካኒኩ፦ ምንም። የዓይን ጠብታ ብቻ። ግላኮማ ጀምሮሃል ብለውኝ።

ፋርማሲስቷ፦ መቼ ጀመርካት? ይዘሃታል?

መካኒኩ፦ ከወር አይበልጥም። ይኸው ኪሴ ውስጥ ናት። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ። ዓይን ምን አገባው ከትንፋሽ?

ፋርማሲስቷ፦ ቲሞሎል። ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ዓይንህ ላይ የጣልካት ጠብታ በእንባ ቦይ አፍንጫህ ውስጥ ትወርዳለች፣ ከዚያ ደም ውስጥ ትገባለች፤ እንደ ክኒን በጉበት በኩል አታልፍም። ቲሞሎል ደግሞ የሚዘጋው ሳልቡታሞል የሚከፍትበትን በር ራሱን ነው። ሰማያዊዋ እንደ ድሮዋ አይደለችም ያልከኝ ለዚህ ነው። አስም ላለበት ሰው ይህ ጠብታ አይሰጥም። አስም እንዳለብህ ነግረሃቸው ነበር?

መካኒኩ፦ ዓይን ሊያዩ ነው የሄድኩት። ስለ ደረቴ ማን ጠየቀኝ?

ፋርማሲስቷ፦ እንግዲህ ቡናማዋን አራት እጥፍ አድርገህ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቀህ፣ ጠብታዋን ግን በየማታው እየጨመርክ... እንዴት እንደምትሆን አስበው። ግን ዝም ብለህ አትጣላት፤ የዓይን ግፊቱ ካልተያዘ ማየትህን ይወስዳል። ካርድህ ላይ ስልክ አለ፣ አሁኑኑ ልደውል።

(ትደውላለች። የዓይን ሐኪሙ የማታዋን ጠብታ እንዳያደርግ፣ ነገ በጠዋት ለሌላ ዓይነት ጠብታ እንዲመጣ ይላል።)

መካኒኩ፦ ታዲያ ቡናማዋ ምንም አልሠራችም፣ ጥፋቱ የጠብታዋ ነው በይኛ። ልተዋት?

ፋርማሲስቷ፦ ይህን እንደምትለኝ አውቄ ነበር! ጠብታዋ ሦስት ሳምንቱን ነው የምታስረዳው። በወር አንድ ጣሳ ሰማያዊ የጨረስክባቸውን ዓመታት አታስረዳም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሁለት፣ ጠዋት ሁለት። ነገ ከዓይን ሐኪሙ ስትወጣ ድል ጮራ ግባ፤ ስቴሮይድ ክኒን ያስፈልግህ እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚወስኑት።

መካኒኩ፦ ፕሬድኒሶሎን ጎረቤቴ አለው። ሲብሰው ይውጣል።

ፋርማሲስቷ፦ ክኒኑን አልጠላውም፣ በጊዜው ሕይወት ያድናል። ለአዋቂ ከ40 እስከ 50 ሚሊግራም፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ነው የሚታዘዘው። ግን በየወሩ የዋጠው ሰው አጥንቱን፣ ስኳሩን፣ ግፊቱን ይከፍልበታል። ሰዎች ፓፍ ሱስ ያስይዛል ብለው ፈርተው ክኒኑን ሲውጡ ነው የሚገርመኝ፤ ከሚሳበው ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አሁን የዛሬን ሌሊት እንነጋገር። ሰማያዊዋ ሦስት አራት ሰዓት ካልያዘችልህ፣ አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተህ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ፣ ነገን አትጠብቅ። ባጃጅ ጥራና ድል ጮራ ድንገተኛ ክፍል ግባ። እየሄድክም በየ20 ደቂቃው ከአራት እስከ 10 ፓፍ ሰማያዊዋን ሳብ፣ ሰውም አብሮህ ይሂድ።

መካኒኩ፦ ይህን ጻፊልኝ፤ ሌሊት የሚታፈን ሰው አያስታውስም። ለልጅ ልጄም ጻፊልኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እሷም ጀምሯታል። ልጅቱ ስትታመም እናቷ ቡናማዋን አምስት እጥፍ ታደርግባታለች።

ፋርማሲስቷ፦ ለሷስ በፍጹም። አሜሪካ ውስጥ ከ5 እስከ 11 ዓመት ያሉ 254 ልጆች ላይ ተሞክሯል፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ሊብስባቸው ሲጀምር አምስት እጥፍ ለሰባት ቀን። ማገርሸቱን አልቀነሰውም፤ ቁመታቸው ላይ ግን ትንሽ የመቀነስ አዝማሚያ አሳይቷል። ለልጅ በየቀኑ የታዘዘላት ትንሽ መጠን፣ ከብሶባት ደግሞ ሐኪም። የምትስበው በቀጥታ በአፏ ነው?

መካኒኩ፦ በአፏ። ግማሹ ጉንጯ ላይ ይቀራል፣ አይቻለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ስፔሰር የሚባለው እቃ ነው የሚያስፈልጋት፤ ይጠፋል፣ ሲገኝም ውድ ነው። ኬፕታውን ውስጥ ሄዘር ዛር የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ወስደው ከተገዛው ጋር አወዳደሩት፤ አስም ድንገት በተነሳባቸው ልጆች ላይ። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ ወጣ፤ ጠርሙሱ ከተገዛው እኩል ሠራ። አብሮ የተሞከረው የፎም ኩባያ ግን አልተሳካለትም።

መካኒኩ፦ ሃይላንድ! ይህ የኔ ሥራ ነው። የት ላይ ነው የሚበሳው?

ፋርማሲስቷ፦ ታችኛው ላይ። የፓፏ አፍ ልክ የሚገባበት ያህል፣ በጋለ ሽቦ፤ አየር እንዳያፈስ። ልጅቱ በጠርሙሱ አፍ ነው የምትተነፍሰው። አንድ ፓፍ ትጫናለህ፣ እሷ አራት አምስት ጊዜ ረጋ ብላ ትስባለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ እጠበውና ሳትወለውለው ራሱ ይድረቅ፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል።

መካኒኩ፦ ከባቡሩ ፍሬን የቀለለ ሥራ ነው። ለራሴም አንድ እሠራለሁ። ግን ይህን ሁሉ በየቀኑ እስከ ስንት? እስክሞት?

ፋርማሲስቷ፦ ሦስት ወር ደህና ከከረምክ ሐኪሙ ከሩብ እስከ ግማሽ ይቀንስልሃል። ይቀንሳል ነው ያልኩህ፣ ያቆማል አላልኩም። አሁን መስከረም 12 ነው። አንዷ ጣሳ በቀን አራት ፓፍ ብትሄድ 50 ቀን፣ እስከ ኅዳር 2 ትደርሳለች። ሁለተኛዋን ከዚያ ትከፍታለህ። ስትነቀነቅ ድምፅ ስላላት አላለቀችም ብለህ አትታለል፤ የሚንቦጨቦጨው ጋዙ ሊሆን ይችላል።

መካኒኩ፦ ሦስት ወሩ ታኅሣሥ ላይ ይሞላል። ታኅሣሥ ላይ ይቀንስልኝ ማለት ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ትወጣለህ?

መካኒኩ፦ በየዓመቱ፣ በእግሬ። ስለት አለብኝ።

ፋርማሲስቷ፦ እንግዲያው ከቁልቢ በፊት አይቀነስም። የደጋው ብርድ፣ የመንገዱ አቧራ፣ የሰዉ ብዛት፣ ዕጣኑ፤ ጉንፋንም ይዘህ ትመለስ ይሆናል። መድኃኒት የሚቀነሰው ሰውየው ጤናው ረግቶ ቤቱ ሲቀመጥ ነው። ሰማያዊዋን ኪስህ አድርገህ ውጣ፣ ከሰው ጋር ሂድ። ድል ጮራ ሲቀጥሩህ ጥር 10 አድርጉልኝ በላቸው።

መካኒኩ፦ ጥር 10 ከተራ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ጥር 15 ይሁን።